የካናቢስ ተክል፦ ገመድ፣ ዘይት፣ ግድግዳና መድኃኒት ከየትኛው ክፍሉ ይገኛሉ?

ማስተዋል (ውይይቱን የከፈተ)

ስለ ካናቢስ በተወራ ቁጥር ተናጋሪዎቹ ወዲያውኑ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ተክሉን ለሁሉም በሽታ ፈውስ፣ ለጥጥም ለደንም ለሲሚንቶም ምትክ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሌላኛው ወገን ደግሞ ስሙ ሲጠራ ከአደንዛዥ ዕፅነቱ በቀር የሚታየው ነገር የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው፦ ስለ ግንዱ የተረጋገጠውን ወስደው ለአበባው፣ ስለ አበባው የተረጋገጠውን ወስደው ለዘሩ ይሰጣሉ። ገመዱ ጠንካራ መሆኑ አበባው መድኃኒት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ አበባው አእምሮን የሚያዛባ መሆኑም ዘይቱ ለምግብነት እንዳይውል ምክንያት አይሆንም።

ለመነሻ ያህል ስለ ተክሉ ራሱ ጥቂት ልበል። ካናቢስ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ የሚደርቅ ተክል ሲሆን፣ በእፅዋት ቤተሰብነት የቅርብ ዘመዱ ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠው ሆፕ ነው። ዛሬ የሚታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሰጠው። አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ተክል ላይ የሚያብቡ ሲሆን፣ የወንዴውን ዱቄት ወደ ሴቴው የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ከግንዱ ውጫዊ ክፍል ረጃጅም ቃጫ ያለው ልጥ ይላጣል፤ ከልጡ ሥር ቀላልና እንጨታማ አካል አለ፤ ዘሩ ዘይትና ፕሮቲን የበዛበት ነው፤ በሴቴዋ አበባ ዙሪያ ደግሞ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ፣ ሙጫ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች ይገኛሉ። ሰው ከዚህ ተክል የፈለገው ነገር ሁሉ፣ የፈራውም ጭምር፣ ከእነዚህ ክፍሎች ከአንዱ የሚወጣ ነው።

ስለዚህ አስተያየት የምትሰጡ ሁሉ አንድ ጥቅም ስትጠቅሱ ከየትኛው ክፍል፣ በምን አሠራር እንደሚገኝና ማስረጃው ምን ያህል እንደሚያስተማምን ብትገልጹልን ውይይቱ ፍሬ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

አገዳና ልጥ

ውይይቱ በዚህ መልክ መከፈቱ አስደስቶኛል። እኔ የማውቀው ቃጫውን ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር፤ ከሁሉም ጥንታዊ የሆነውና ክርክር የማያስነሳው ጥቅምም እርሱ ነው።

ለቃጫ የሚዘራ ካናቢስ፣ በተለምዶ ሄምፕ የሚባለው፣ እጅግ ተጠጋግቶ ይዘራል። ተክሎቹ ብርሃን ለማግኘት ሲሽቀዳደሙ ቅርንጫፍ ሳያወጡ ቀጥ ብለው ስለሚረዝሙ ግንዳቸው ቀጭን፣ ቃጫቸውም ረጅምና ለስላሳ ይሆናል። የሚታጨደው ወንዴዎቹ በሚያብቡበት ሰሞን ነው፤ ዘሩ እስኪደርስ ከተጠበቀ ግንዱ እየጠነከረ ቃጫው ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ «ከአንድ ማሳ ምርጥ ቃጫም፣ የተትረፈረፈ ዘርም፣ መድኃኒትነት ያለው አበባም ይገኛል» ሲባል ስሰማ አልቀበለውም። ለሁለት ዓላማ መዝራት ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱ ሲጨምር የሌላው ጥራት መቀነሱ አይቀርም።

ከአጨዳ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቃጫውን ከእንጨታማው ክፍል ጋር አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህን ለማላቀቅ ግንዱ በማሳው ላይ ተነጥፎ ጤዛ እንዲመታው ይደረጋል፣ ወይም በውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ፔክቲኑን እየበሉ ያላቅቁታል። ጊዜው ካጠረ ልጡ ከእንጨቱ አይለቅም፤ ከረዘመ ደግሞ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል። በውኃ የተዘፈዘፈው የተሻለና የነጣ ቃጫ ቢሰጥም ሂደቱ የውኃውን ኦክስጅን ስለሚጨርስና ክፉ ሽታ ስለሚፈጥር ብዙ አገሮች ትተውታል። ከዚያ በኋላ ግንዱ ደርቆ ይሰባበራል፣ ስብርባሪው ተራግፎ ቃጫው ይበጠራል። ሄምፕ ከጥጥ ጋር ሲወዳደር በዋጋ የሚሸነፈው በማሳ ላይ ባለው ምርት ሳይሆን በዚህ አድካሚ ሥራ ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ በቻይና የተገኙት እጅግ ጥንታዊ ወረቀቶች የሄምፕ ቃጫ ያለባቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ105 የወረቀት አሠራርን ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳቀረበ የሚነገርለት ጻይ ሉንም የዛፍ ልጥን፣ ያረጀ ጨርቅንና የዓሣ መረብን ከሄምፕ ጋር ተጠቅሟል። በመርከብ ዘመን ሸራውም ገመዱም በአብዛኛው ከሄምፕ ይሠራ ነበር፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሚፈልገውን ሄምፕ በብዛት የሚያስመጣው ከሩሲያ ስለነበር ናፖሊዮን ይህን ንግድ ለመዝጋት መጣሩ የጦርነቱ አንድ አካል ነበር።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚነገር አንድ ነገር ማረም እፈልጋለሁ። ሄምፕ ከገበያ የወጣው የወረቀትና የፕላስቲክ ባለሀብቶች አሲረውበት ነው የሚለው ትረካ በጣም ተስፋፍቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣችው የግብር ሕግ ተክሉን እንደጎዳው አይካድም፤ ውድቀቱ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። የጥጥ መፈልቀቂያ ማሽን ጥጥን አረከሰው፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ሸራ አያስፈልገውም፤ ከፊሊፒንስ የሚመጣው የአባካ ገመድ ሬንጅ ሳይቀባ የባሕር ውኃን ስለሚቋቋም የሄምፕን ቦታ ወሰደ፤ ጁት ለጆንያ ረከሰ፤ በመጨረሻም ናይለን መጣ። ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝና አባካ ሲቋረጥ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 ገበሬዎቹ ሄምፕ እንዲዘሩ መቀስቀሱ፣ ተክሉ ተፈላጊ የሚሆነው ርካሽ ምትክ ሲጠፋ እንደነበር ያሳያል።

ዛሬ ቃጫው ለልዩ ልዩ ስስ ወረቀቶች፣ ለመኪና የውስጥ ሰሌዳዎች፣ ለሙቀት መከላከያ ምንጣፍና ለጨርቃ ጨርቅ ይውላል። በአውሮፓ በስፋት የምታመርተው ፈረንሳይ ናት።

ጠያቂ አእምሮ

ከተፈቀደልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሄምፕና ማሪዋና የአንድ ዝርያ ተክል ከሆኑ በሕግ የሚለየው መስመር ከየት መጣ? የአስካሪው ንጥረ ነገር ወሰን 0.3 በመቶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለምን 0.3 ሆነ የሚለውን ግን ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

የዘር ሐረግ

ጥያቄዎ መልስ ያለው ነው፤ መልሱ ግን ብዙዎችን ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኧርነስት ስሞልና አርተር ክሮንክዊስት የተባሉ የእፅዋት ተመራማሪዎች ካናቢስን ለመመደብ ባሳተሙት ጥናት፣ አስካሪው ንጥረ ነገር (ቲኤችሲ) ከደረቅ ክብደቱ 0.3 በመቶ የሚሆንበትን ነጥብ እንደ መለያ ወሰዱት። መስመሩ ተክሎቹን ለመመደብ እንዲመች የተሰመረ ነበር እንጂ ከዚያ በላይ ያለው ሰውን ያሰክራል፣ ከዚያ በታች ያለው አያሰክርም የሚል የመድኃኒት ጥናት ውጤት አልነበረም። በኋላ ግን ሕግ አውጪዎች ወሰዱት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የእርሻ ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ0.2 ከፍ በማድረግ ከ2023 ጀምሮ ይሠሩበታል።

ልዩነቱ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ በዘረ መል ውስጥም አለ። በአበባው ዕጢ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈጠረው አንድ የጋራ መነሻ አሲድ ነው። አንደኛው ኢንዛይም ይህን አሲድ ወደ ቲኤችሲ አሲድ፣ ሌላኛው ደግሞ ወደ ሲቢዲ (የማያሰክረው ሌላ ንጥረ ነገር) አሲድ ይለውጠዋል፤ አንድ ተክል የትኛውን በብዛት እንደሚያመርት የሚወስነው በዋናነት የወረሰው ኢንዛይም ነው። የቲኤችሲ አሲዱ ራሱ አያሰክርም፤ በሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ ነው ወደ ቲኤችሲ የሚለወጠው። በአንጻሩ በንግድ ዓለም «ሳቲቫ» እና «ኢንዲካ» እየተባለ የሚለጠፈው ስም ስለ ውስጣዊ ይዘቱ የሚነግረው ነገር እጅግ አነስተኛ ነው፤ ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1785 ኢንዲካ ብሎ የሰየመው በተክሉ ቁመናና በመጣበት አገር ተመርቶ ነበርና።

አገዳና ልጥ ያነሱትን የ«አንድ ማሳ» ጉዳይ የሚያጠናክር ሌላም ነገር አለ። የወንዴው ዱቄት በነፋስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለመድኃኒት የሚመረተው አበባ ዘር እንዳይዝ ይፈለጋል፤ ሴቴዋ ዘር ከያዘች የሙጫው ምርት ይቀንሳልና። ስለዚህ ለዘር ወይም ለቃጫ የሚያመርት ገበሬ ለአበባ ከሚያመርት ጎረቤቱ ጋር ተቀራርቦ መሥራት ይቸገራል።

ኖራ

ግንበኞች ስለሚጠቀሙበት ክፍል ባጭሩ ልጨምር። ልጡ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው እንጨታማ አካል ተፈጭቶ ከኖራና ከውኃ ጋር ሲደባለቅ በተለምዶ «የሄምፕ ኮንክሪት» የሚባለው ይሠራል። ስያሜው ሰዎችን ያሳስታል፤ ይህ ድብልቅ እንደ ኮንክሪት ጭነት አይሸከምም። የቤቱን ክብደት የሚሸከም የእንጨት ወይም ሌላ ማዕቀፍ ያስፈልገዋል፤ ድብልቁ በማዕቀፉ መካከል እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ጥቅሙ ሙቀትንና ቅዝቃዜን መከላከሉ፣ እርጥበት እንዲያልፍ በማድረግ ግድግዳው ሻጋታ እንዳያበቅል መርዳቱና ቀላል መሆኑ ነው። ተክሉ ሲያድግ የወሰደው ካርቦን በግድግዳው ውስጥ ተይዞ ይቆያል፤ ሆኖም ኖራውን ለማቃጠል የወጣው ጭስ ከዚህ ላይ መቀነስ አለበት፤ ይህን ሳይቀንሱ የሚያሰሉ ማስታወቂያዎችን አልወዳቸውም። ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ የሚጣደፍ ግንባታ ውስጥ አያዋጣም።

ዘርና ዘይት

ዘሩን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጥሩ ምግብ ነው። ከክብደቱ ወደ 30 በመቶ ዘይት፣ ወደ 25 በመቶ ፕሮቲን ይዟል። በዘይቱ ውስጥ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3 በግምት ሦስት ለአንድ በሆነ መጠን ይገኛሉ። ቶሎ ስለሚበላሽ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ ለመጥበሻም አይስማማም። ዘሩ ራሱ ቲኤችሲ አያመርትም፤ በቅርፊቱ ላይ የአበባው ሙጫ ሊነካካ ስለሚችል ግን በሚገባ መታጠብ ይኖርበታል። የዘር ዘይትና ከአበባ የሚወጣው የሲቢዲ ዘይት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሸማቹ ቢገነዘብ መልካም ነው፤ በዘር ዘይት ውስጥ የሚጠቀስ ሲቢዲ የለም።

ፋርማሲስት

ብዙ ሰው ወደሚጓጓበት ክፍል ስለደረስን ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እዚህ ላይ የሚነገር ግማሽ እውነት ሰው ይጎዳል።

ካናቢስ ወደ ምዕራባውያን ሕክምና የገባው አየርላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦሾነሲ እ.ኤ.አ. በ1839 ከካልካታ ባወጣው ጽሑፍ ነው፤ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለእብድ ውሻ በሽታና ለሕፃናት መንቀጥቀጥ መሞከሩን ገለጸ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ የነበረው ጭማቂ ቀስ በቀስ የተተወው በሕግ ብቻ አልነበረም። የአንዱ ጠርሙስ ኃይል ከሌላው ጋር አይመሳሰልም ነበር፤ በውኃ ስለማይሟሟ በመርፌ መስጠት አይቻልም፤ አስፕሪንን የመሳሰሉ መጠናቸው የታወቀ መድኃኒቶችም መጡ። ችግሩ መፈታት የጀመረው ንጥረ ነገሮቹ ተለይተው ሲታወቁ ነው። ራፋኤል መሹላምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 የሲቢዲን፣ በ1964 ደግሞ የቲኤችሲን አወቃቀር ለዩ። በ1988 ቲኤችሲ የሚያርፍበት ተቀባይ በአንጎል ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ፤ በ1992 ሰውነታችን ራሱ ለዚህ ተቀባይ የሚያመርተው አናንዳማይድ ተገኘ። ተቀባዮቹ ለትውስታና ለእንቅስቃሴ ኃላፊ በሆኑ የአንጎል ክፍሎች በብዛት ስለሚገኙ፣ የወሰደው ሰው ለምን እንደሚረሳና ለምን ቅልጥፍናውን እንደሚያጣ ግልጽ ነው። መተንፈስን በሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው፤ ካናቢስ እንደ ሞርፊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ትንፋሽ አቋርጦ የማይገድለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስረጃው የት ጠንካራ ነው? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ በኬሞቴራፒ ምክንያት ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ በአዋቂዎች ላይ ለሚታይ ሥር የሰደደ ሕመም፣ እንዲሁም የመልቲፕል ስክለሮሲስ (አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚጎዳ በሽታ) ሕሙማን ራሳቸው ለሚናገሩት የጡንቻ መወጠር በቂ ማስረጃ አለ ብለዋል። በሕመም ጉዳይ ግን ሁሉም አይስማማም፤ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ያሉት ጥናቶች ጥራት ስለሚጎድላቸው በ2021 ለዚህ ዓላማ ካናቢስን እንደማይደግፍ አስታውቋል። እኔም ወደዚህ ጥንቃቄ አደላለሁ። ካንሰርን ራሱን ይፈውሳል ለሚለው ግን በሰው ላይ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም፤ በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ባሉ ሕዋሳት የታየውን ወስዶ ሕክምናውን እንዲያቋርጥ ታማሚን መምከር ትልቅ በደል ነው።

ጉዳቱንም በዚያው መጠን መናገር ይገባል። በአሜሪካ በተደረገ የታወቀ ጥናት ካናቢስን ከሞከሩ ሰዎች መካከል ወደ 9 በመቶ የሚሆኑት የሱስ ተጠቂ ሆነዋል፤ በጉርምስና ዕድሜ የጀመሩት ላይ ይህ ከፍ ይላል። ቲኤችሲው የበዛበትን በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ለሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ ለሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) የመጋለጥ ዕድላቸው ይጨምራል። በእርግዝና ወቅት መውሰድ ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል። ከምግብ ጋር የተዘጋጀው ስሜቱ እስኪጀምር እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ አልሠራም ብለው የሚደግሙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከረሜላ መስሏቸው የሚበሉ ሕፃናትም ለከባድ አደጋ ይጋለጣሉ።

አፈርና ውኃ

ፋርማሲስት ለጻፉት አንድ ከአፈር ጋር የተያያዘ ነገር ልጨምር። ሄምፕ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ከአፈር ስለሚስብ የተበከለ መሬት ለማጽዳት ይሞከራል፤ በ1990ዎቹ በቼርኖቤል አካባቢም ተሞክሯል። ይህን ባሕርይ እንደ በረከት ብቻ የሚያወድሱት ሰዎች የሚዘነጉት፣ ያው ተክል የሳበውን መርዝ በቅጠሉ፣ በአበባውና በዘሩ ይዞ መቀመጡን ነው። መሬት ለማጽዳት የተዘራ ሄምፕ ለምግብም ለመድኃኒትም ሊውል አይገባም፤ ለምግብና ለመድኃኒት የሚዘራበት አፈር ደግሞ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

የልጅ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፤ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በሐኪም የታዘዘለትን ቫልፕሮኤት ይወስዳል፤ መንቀጥቀጡ ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ከምናውቃቸው ሰዎች አንዱ የሲቢዲ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሊያመጣልን ይፈልጋል። በምግብ ማሟያነት ስለሚሸጥ አይጎዳም ይላል። ፋርማሲስት ሐሳብዎን ቢነግሩኝ።

ፋርማሲስት

እመቤቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ተስፋዎም መሠረት የለሽ አይደለም። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው የተጣራ ሲቢዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ሌኖክስ ጋስቶ እና ድራቬ ለሚባሉ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች፣ በ2020 ደግሞ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የተባለው የዘረ መል በሽታ ለሚያስከትለው መንቀጥቀጥ በአሜሪካ ተፈቅዷል። በድራቬ በተያዙ 120 ልጆችና ወጣቶች ላይ ተደርጎ በ2017 በታተመው ጥናት፣ ሲቢዲ በወሰዱት ላይ የወር መንቀጥቀጥ መካከለኛ ቁጥር ከ12.4 ወደ 5.9 ሲወርድ፣ መድኃኒት የሌለበትን የማነጻጸሪያ ፈሳሽ በወሰዱት ላይ ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነበር የወረደው። ልብ ይበሉ፦ ሁሉም የቀድሞ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነው የወሰዱት፤ የልጅዎ በሽታ ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ መሆኑንም የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

ስለ ጠርሙሱ ግን እሰጋለሁ። በሐኪም የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ዝቅተኛው እንኳ በቀን 200 ሚሊ ግራም ይሆናል። 5 በመቶ ተብሎ የሚሸጥ የ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በሙሉ የሚይዘው 500 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለሁለት ቀን ተኩል ብቻ ይበቃል፤ ጠብታ እየቆጠሩ ቢሰጡት ደግሞ በጥናቱ ከተሰጠው መጠን ጋር አይቀራረብም። በኢንተርኔት በሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ላይ ተደርጎ በ2017 በታተመ ጥናት፣ በመለያው ላይ የተጻፈው መጠን ትክክል ሆኖ የተገኘው በ31 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። አፈርና ውኃ የጻፉትን የከባድ ብረት ጉዳይም ይጨምሩበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቫልፕሮኤቱ ነው። ሲቢዲና ቫልፕሮኤት አንድ ላይ ሲወሰዱ የጉበት ኢንዛይሞች ከፍ የማለት (ይህም የጉበት ጉዳት ምልክት ነው) ዕድላቸው በጣም ይጨምራል፤ በዚህ ምክንያት የተፈቀደው መድኃኒት እንኳ የሚጀመረው የጉበት ምርመራ ተደርጎ ሲሆን፣ ምርመራው በአንድ፣ በሦስትና በስድስት ወር ይደገማል፤ ቫልፕሮኤት ለሚወስድ ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቀራረብ ይችላል። እባክዎ ዘይቱን ሳይሰጡት ወደ ነርቭ ሐኪሙ ይሂዱና የበሽታውን ትክክለኛ ዓይነት፣ የቫልፕሮኤቱ መጠን ከክብደቱ ጋር መመጣጠኑን፣ የጉበቱም ምርመራ በመጨረሻ መቼ እንደተደረገ ይጠይቁ። ቫልፕሮኤቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም ፋታ የማይሰጥ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል።